የእትዬ ቀለም ግድግዳ

ስሟን አሟልቶ የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ሰው ሁሉ እትዬ ቀለም ይላታል። ጣቶቿ ከቀለም ነጽተው አያውቁም፤ ሰኞ አረንጓዴ ናቸው፣ ረቡዕ ቀይ፣ ዓርብ ደግሞ ምን እንደሆነ የማይለይ ድብልቅልቅ። ለአንደኛ ክፍል መምህርት ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይገኛል። «ልጄን ቀለም አልዘልቀው አለ» ብላ የምታማርር እናት ካለች፣ «እትዬ ቀለም ዘንድ አስገቢው፣ ከነጣሳው ትሰጠዋለች» እየተባለ ይቀለድባት ነበር።

ባል አላገባችም። ለምን ስትባል «ይሄን ሁሉ ልጅ እያሳደግኩ መቼ ደርሶኝ» ትላለች፤ ጠያቂው ይስቃል፣ ወሬውም እዚያው ላይ ያበቃል። የምትኖረው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ወንድምጋሼ ትለዋለች። ዕድሜውን ሙሉ የሱቅ፣ የፀጉር ቤትና የጋራዥ ማስታወቂያ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ሥዕል ያስተማራት እሱ ነው፤ ከየሥራው የተረፈ ቀለም በጣሳ እያመጣ ያለመዳትም እሱ። ኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምረው መሰላል መውጣቱን ትቶ ቤት ዋለ። ብሩሽ ይዞ ፊደል ሲጀምር ግን እጁ፣ ማን እንደመከረው እንጃ፣ አደብ ይገዛል። ስለዚህ ሥራውን ተካፈሉት። ሥዕሉን እሷ በውሃ ቀለም ትስላለች፣ ከሥሩ ቃሉን እሱ በጥቁር ዘይት ቀለም ይጽፋል። ዘይት ቀለም እንደ ልብ ስለማይገኝ ለሥዕል አይባክንም። ፊደሉ ግን መቆየት አለበት ብለው ተስማምተዋል።

ክፍሏ በትምህርት ቤቱ ግቢ ጥግ፣ ከውሃ ቧንቧው ጀርባ ያለችው ናት። ሁለት መስኮት አላት፤ አንዱ አይከፈትም፣ ሌላው አይዘጋም። ለሦስት ልጅ የተሠራ ዴስክ ላይ አምስት አምስት ልጅ ይታጨቃል። የንባብ መጽሐፉ ለአንድ ዴስክ አንድ ሲሆን፣ ዳር የተቀመጠው ልጅ የሚያየው የገጹን ቁጥር ብቻ ነው። እትዬ ቀለም በዚህ ተቃጥላ ነው ግድግዳውን የጀመረችው። ከየሱቁ የሳሙናና የብስኩት ካርቶን ትለምናለች፣ ትቆርጣለች፣ ነጭ ትቀባለች፣ ትስላለች። ድመት፣ በር፣ ዛፍ፣ ዶሮ፣ ወንበር፣ ዓሣ፣ ጃንጥላ። ከዓመት ዓመት እየጨመረ ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ ሞላ።

ጠዋት ጠዋት ረጅም እንጨቷን ይዛ ከመጀመሪያው ካርቶን ትነሣለች። እንጨቷ ድመቱን ሲነካ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ድመት» ይላሉ፤ ቀጥሎ በር፣ ቀጥሎ ዛፍ። የራሱ ዜማ ነበረው። ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል፤ ሰው ቆም ብሎ ያዳምጣል፣ ፈገግ ይላል፣ ይሄዳል። ወላጆች ልጃቸው ገና ወር ሳይሞላው ማንበብ ቻለ ብለው ለዘመድ ያወራሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ርዕሰ መምህሩ በቀጥታ ወደ እሷ ክፍል ነው የሚመራው። የምስጋና ወረቀቷ ከብዛቱ የተነሣ እሱ ቢሮ ውስጥ መስቀያ አጥቶ ነበር።

አንድ ቅር የሚላት ነገር ብቻ ነበር። አንድ ዝምተኛ የአራተኛ ክፍል መምህር ነበር፤ በየዓመቱ መጀመሪያ ከሥር የሚመጡት ልጆች አያነቡም ብሎ ስብሰባ ላይ ያነሣል። እሷም ሳታነብ ያሳለፈችው ልጅ እንደሌለ፣ እሱ ጋ ደርሶ ከጠፋበት ራሱን እንዲጠይቅ ትመልስለታለች። የመምህራኑ ሳቅ ሲሰማ ሰውዬው አንገቱን ይደፋል። በመጨረሻ ማንሣቱንም ተወው።

አንድ ዓመት፣ በበልግ ዝናብ ወራት፣ ቅዳሜና እሑድ ሳያባራ ሲዘንብ ሰነበተ። ሰኞ ጠዋት ክፍሉን ከፈተች። ጣሪያው ልክ በግድግዳው ራስ በኩል አፍስሷል። ውሃው በካርቶኖቿ ላይ እየወረደ ድመቱን ከዛፉ፣ ዛፉን ከዓሣው አጋብቶ፣ የዓመታት ሥራዋን ከግድግዳው ሥር እንደ ጭቃ አጠራቅሞታል። የወንድሟ ፊደል ግን ዘይት ነውና አንዱም አልተነካም። ድመት፣ በር፣ ዛፍ፤ ጥቁር፣ ጥርት ያለ፣ እንዳለ ቆሟል። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አለቀሰች፣ አፍንጫዋን ጠረገች፣ ከዚያ ራሷን አጽናናች። ሥዕል እንደገና ይሳላል፤ ዋናው ቃሉ ነው፣ ቃሉ ደግሞ ተርፏል።

ልጆቹ ገብተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ። እንደ ወትሮዋ እንጨቷን አንሥታ የመጀመሪያው ካርቶን ላይ አሳረፈች። መልስ የለም። ያላዩ መስሏት ደግማ ነካችው። ሁሉም አፋቸውን ከፍተው ያዩዋታል።

ፊት ዴስክ ላይ የምትቀመጥ፣ ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድማ የምትመልስ ልጅ ነበረች። የፊት ጥርሶቿ ስለወለቁ ወላቃዋ ይሏታል። እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጠፍቷል እኮ» አለች።

«ምኑ ነው የጠፋው? ይኸው ተጽፎ የለ?»

«ድመቱ ጠፍቷል።»

እትዬ ቀለም ድመቱ ሳይሆን ቃሉን እንድታይ ነገረቻት። ልጅቷ ቃሉን አየች፣ መምህርቷን አየች፣ እጇን አወረደች። አንድ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ግን ነገሩ ገባውና፣ ከመስኮቱ አራተኛው ዶሮ እንደነበር አስታወሰ። ሌሎቹም ነቁ። በር ከድመት ቀጥሎ ነው፣ ዓሣ ከሚስማሩ ሥር ነው እያሉ ጩኸቱ ተመለሰ። እሷም ካርቶኖቹን አወረደች፣ አዘበራረቀች፣ አንድ በአንድ እያነሣች ታሳያቸው ጀመር። ይሄኔ የባሰ መጣ። ጥጉ የተቀደደው ወንበር ነው ይላሉ፤ ከጀርባው የብስኩት ጽሕፈት ያለበት ጃንጥላ ነው ይላሉ። የተቀደደውን፣ የታጠፈውን፣ የቆሸሸውን ሁሉ ያውቁታል። የማያውቁት ፊደሉን ብቻ ነው። ፊደሉን ተከትለው ቃሉን የደረሱበት ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም፤ እነሱም ቤታቸው ታላቅ እህት ወይም አባት የሚያስጠናቸው ናቸው።

ያን ዕለት ቤት ስትገባ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ወንድሟ በራፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው። የሆነውን ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ በተለይ የተቀደደው ጥግ አሳቀው። ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ።

«የጥርስ ሐኪሙ በሩ ላይ ጎረምሳ የሚያህል ጥርስ ያሣለኝ ለምን ይመስልሻል?» አላት። «ሰው ፊደል አይቶ አይገባም። ጥርሱን አይቶ ነው የሚገባው።»

«ይሄን እያወቅህ ይሄን ሁሉ ዘመን ዝም አልከኝ?»

«እኔ ደንበኛ ነበር የማስገባው። አንቺ ታስተምሪያለሽ። ሁለቱ አንድ ነው ብዬ እንዴት ላስብ?»

ከዘንድሮዎቹ ይልቅ የበፊቶቹ ናቸው ትዝ ያሏት። ስንት ልጅ በዚያ ግድግዳ ፊት አልፏል። በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ከጀርባቸው ግቢ ወደምትኖረው ወጣት ጎራ አለች። ይህች ልጅ በጊዜዋ የክፍሉ ኮከብ ነበረች፤ አሁን አግብታ ሕፃን ታቅፋለች። እትዬ ቀለም የመጣችበትን ሳትናገር ስለ ሕፃኑ ጤና ጠየቀች። ትኩሳት አለው፣ ሐኪም ቤት ለሁለታችንም መድኃኒት ሰጥተውናል አለቻት። እንድታሳያት ለመነቻት። ሁለት ጠርሙስ አመጣች። የቱ በቀን ስንቴ እንደሚሰጥ ብትጠይቃት፣ ሐኪሟ በቃል የነገረቻትን ደገመችላት። ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ምን ይላል ስትላት ሳቀች።

«ሕፃን የተሳለበት የልጁ ነው፣ ያልተሳለበት የእኔ ነው» አለች። «ምን አነበብኩት፣ ቲቸር። ያስታውቃል እኮ።»

እትዬ ቀለም ትምህርቷን የት እንዳቆመች ጠየቀቻት። አምስተኛ ላይ ነበር፤ ከበዳት። ነገር ግን የመምህርቷ ፊት እንደ ጠቆረ ስታይ ልታስደስታት ፈለገች። አንደኛ ክፍል የተማረችውን አንዱንም እንዳልረሳች ነገረቻትና፣ ሕፃኑን በጉልበቷ እያወዛወዘች፣ ከድመት ጀምራ ግድግዳውን በሙሉ በዜማው ወረደችው። አንዱንም አልሳተችም። በዚያ ዘመን ግድግዳው ላይ የነበሩትን፣ ኋላ ተበላሽተው የወረዱትን ሁሉ በተራቸው ጠራቻቸው። እትዬ ቀለም ጎሽ አለቻት፣ ሕፃኑን ሳመች፣ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሥዕል አልሳለችም። ወንድሟ በትንንሽ ካርድ ላይ አንድ አንድ ፊደል ብቻ ጻፈላት። እሷ ደግሞ ፊደሎቹን እያገጣጠመች ቃል ማሠራት ጀመረች። ሥራው እንደ ቀንድ አውጣ ይሄዳል። ከዚያ ሁሉ ልጅ በቀን ሦስት አራቱን ብታዳርስ ነው፤ የቀረው ይተኛል፣ ይቆነጣጠጣል፣ በአይከፈቴው መስኮት ስንጥቅ ውጭ ያያል። ዜማው ቀረ። ወላጆች ዘንድሮ ልጆቹ ምን ሆነው ነው ድምፃቸው የጠፋው ይሉ ጀመር። አንዱ አባት ባለፈው ዓመት ታላቅየው በወሩ እንዳነበበ፣ ታናሽየው ግን እስካሁን አፉን እንዳልፈታ ገልጾ፣ እትዬ ቀለም እያረጀች ነው ብሎ ለርዕሰ መምህሩ ከሰሳት።

በዚያ ሁሉ መሀል ወላቃዋ ነበረች። ትምህርት ሲያልቅ ትቀርና ካርዶቹን ታገላብጣለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት ካርድ ጎን ለጎን አድርጋ ትክ ብላ አየቻቸው። ከንፈሯን አላወሰች፣ ደግማ አላወሰች፣ «ሳር» አለች። ማንም አልነገራትም። ከዚያ ምን እንደታያት እንጃ፣ ካርዶቹን አቀያየረቻቸውና «ርሳ» አለች። በዚያ ወላቃ አፏ እስክትንሰቀሰቅ ሳቀች። ቃል ተገልብጦ ሌላ ቃል መሆኑ እንደ ምትሃት ሆነባት። እትዬ ቀለም አብራት ሳቀች። ማታ ለወንድሟ ስትነግረው አንድ ልጅ አነበበች ነው ያለችው፤ ያን ዓረፍተ ነገር ከዚያ በፊት በእውነቱ ተናግራው እንደማታውቅ ያን ጊዜ ነው የገባት።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፍሏ ድረስ መጥቶ ልጆቹ ዕረፍት እስኪወጡ ጠበቀና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች እንደሚመጡ፣ ግድግዳው እንደ ድሮው ሆኖ እንዲጠብቃቸው ነገራት። እሷም የደረሰባትን ሁሉ አጫወተችው። ተገርሞ የሚያቋርጣት መስሏት ነበር። እሱ ግን ወደ ጣሪያው እያየ አዳመጣት።

«እትዬ፣ ይሄን እኔም አላጣሁትም» አላት። «ትልልቆቹን ሳይቀር ባስነብብ ጉዴ ነው የሚፈላው። ግን እንግዶቹ የሚመጡት ለጣሪያው ገንዘብ ሊወስኑ ነው። ልጆቹ ዝም ካሉ ምን አይተው ይስጡን? ክረምቱ ሲመጣ የት ልንሸሸግ ነው?»

«ታዲያ መቼ ነው የሚማሩት?»

«እሱን እንኳ እኔም አላውቅም።»

ካርቶንና ቀለም ራሱ ገዝቶ አመጣላት። ውሃ እንዳይወስደው ብሎ ሥዕሉን ሳይቀር ዘይት ቀለም አደረገው። እሷም ሳለች። እጇ ለምዶታልና ድመቱ ከበፊቱ አምሮ ወጣ። ልጆቹ ሥዕሎቹን ሲያዩ የታመመ ዘመድ የዳነላቸው ያህል ጨፈሩ። ዜማው ባንድ ጠዋት ተመለሰ።

እንግዶቹ መጡ፣ ሰሙ፣ አጨበጨቡ። የቡድኑ መሪ አንዲት ለስላሳ ሴትዮ ነበረች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ግድግዳውን በስልኳ ከጥግ እስከ ጥግ አነሣችው። ሁሉም ወደ መኪናቸው ሲሄዱ እትዬ ቀለም ተከትላት በሩ ጋ ደረሰችባትና ልጆቹ እንደማያነቡ ነገረቻት። የወላቃዋን ነገር፣ የተቀደደውን ካርቶን፣ ሁሉንም። ሴትዮዋ አልተቆጣችም፤ እጇን ያዘቻት።

«እውነትዎን ነው፣ ይሄ የታወቀ ችግር ነው» አለቻት። «ግን የእርስዎን ግድግዳ ለሁሉም ትምህርት ቤት ለማሳተም ተወስኗል። አሁን ብናቆመው ዓመቱ ያለ ምንም ነገር ያልፋል። በሚቀጥለው እትም እናስተካክለዋለን።»

ጣሪያው ተሠራ፤ ይህ መካድ የለበትም። ከዚያ ወዲህ ክፍሏ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ኅትመቱም ደረሰ፤ የሚያብረቀርቅ ትልልቅ ወረቀት፣ ድመቱ የእሷ ድመት ነው፣ ፊደሉ ግን የማሽን። ወንድሟ አንዱን ተቀብሎ ከዓይኑ አራቀው፣ አቀረበው፣ ፊደሉ ነፍስ የለውም ብሎ መለሰላት።

እሷን የመምህራን አሠልጣኝ አደረጓት። ዕድገት ነው ተባለ፤ ዕድገት አልፈልግም ማለት ደግሞ ለማን ይገባል። ክፍሏን ገና ከኮሌጅ ለወጣች መምህርት አስረከበች። የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወላቃዋን ከሰዓት በኋላ እንድታስቀራት። ወላቃዋ ግን በቀጣዩ ሳምንት አልታየችም። አባቷ የግንባታ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ሕንፃው ሲያልቅ ሥራ ወዳለበት ቤተሰቡን ይዞ ሄዷል። የት እንደሄዱ ጎረቤቱም አያውቅም። ካወቀቻቸው ፊደሎች ያላወቀቻቸው ይበዙ ነበር፤ የደረሰችበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ምን እንደተለጠፈ እትዬ ቀለም መገመት አይቸግራትም።

ሥልጠናው በትልቅ አዳራሽ ነው የሚሰጠው። መምህራኑ ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ ይቀመጣሉ። እሷም ከቢሮ የተላከላትን የሥልጠና ጽሑፍ ወደ ጎን አድርጋ፣ ሥዕሉን በወረቀት ሸፍናችሁ አስነብቡ ትላቸዋለች። ይጽፋሉ። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት መምህር እጁን አወጣ። ትሑት ልጅ ነው፤ ሊከራከር ሳይሆን ጨንቆት ነው የጠየቀው።

«ሞክሬው ነበር» አላት። «ሥዕሉን ስሸፍነው ልጆቹ ዝም ይላሉ። በዚያ ሰዓት ተቆጣጣሪ ቢገባ ምን ልበለው?»

ከርዕሰ መምህሩ የሰማችው መልስ ብቻ ነው አፏ ላይ የመጣው፤ እኔም አላውቅም አለችው። ወጣቱ አመስግኖ ተቀመጠ። እስክሪብቶውን ግን ከደነው።

የሚቀጥለው እትም አልመጣም። ያቺ የትምህርት ቢሮ ሴትዮ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውራ ነበር፤ በቦታዋ የመጣው ሰው ስለ ማስተካከያው የሰማው ነገር አልነበረም። እትዬ ቀለም ሁለት ጊዜ ሄዳ አስረዳችው። በሦስተኛው ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው አለቻት፤ ከበሩ ማዶ ግን ሲያስል ይሰማታል። ተመልሳ ሄደች። ጡረታ የሚወጡበት ዕድሜ ሳይደርስ በገዛ ፈቃዷ ማመልከቻ አስገባች። አንዳንዱ ታማ ነው አለ፣ አንዳንዱ ኮርታ።

አሁን ጣቶቿ ከቀለም ነጽተዋል። ቤት ትውላለች፤ የወንድሟ እጅ ብሩሽም ሲይዝ አደብ መግዛቱን ስለተወ አጉራሹም አልባሹም እሷ ሆናለች። ባለፈው ሰሞን አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ መጣች። ልጁ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ቤት ውስጥ ግድግዳውን ይዘምረዋል፣ መጽሐፍ ሲሰጡት ግን ያለቅሳል። እናትየው እትዬ ቀለም እንድታስጠናው እግሯ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። እሷም ዓይኔ ደክሟል፣ አልችልም አለቻት። ሴትየዋ አመሰገነች፣ ልጇን እየጎተተች ሄደች። ልጁ ዞሮ ዞሮ እያያት ነበር።

ወንድሟ ከአልጋው ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል።

«ዓይንሽ ደህና ነው እኮ» አላት። «አንዱን ልጅ እንኳ ብትሞክሪ ምን አለበት?»

«ጀምሬ ማን ያስጨርሰኛል?»

አንሶላውን አስተካከለችለት፣ የቀዘቀዘውን ሻይ አነሣች፣ ሌላ ልታፈላለት ወደ ጓዳ ገባች።